አሜን የተባለበት ኪኒን

ሐኪሙ የተናገረው ሦስት ቃል ብቻ ነው። «ኖርማል ነው፤ ይቀጥሉ» አለና ወረቀቱን መለሰልን። ቀጣዩ ታካሚ በሩን ከፍቶ ግማሽ አካሉን አስገብቶ ስለነበር ተነሥተን ወጣን። እናቴ ከሦስቱ ቃላት ሁለቱን ይዛ ወጣች። «ይቀጥሉ» የሚለው እዚያው ክፍል ውስጥ ቀረ። ይህን ያወቅሁት ግን ቆይቼ ነው፤ ያን ዕለት አውቄው ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ጊዜ በንዴት ባልተንገበገብኩ።

እናቴ እንቅርት ነበረባት። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አንገቷ ላይ ነበር፤ ሻርፕዋን አጣፍታ ትሸፍነዋለች። እያደገ ሄዶ ጎደሬ መዋጥ እንኳ ሲያስቸግራት በኦፕራሲዮን ወጣላት። ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ ሙሉ በሙሉ ነው የወጣው፤ አንድም ቁራጭ አልቀረም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ያ ዕጢ የሚሠራው ሆርሞን ለሰውነት ሙቀት፣ ለልብ ምት፣ ለአንጀት፣ ለማሰብም ጭምር ያስፈልጋል። ዕጢው ከሌለ ሆርሞኑ ከውጭ መግባት አለበት። የሚገባውም በትንሽ ነጭ ኪኒን ነው፤ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ።

መጠኑ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ቲኤስኤች ይሉታል። ከአንጎል ሥር ያለች አንዲት ትንሽ ዕጢ ለታይሮይድ የምትልከው ትእዛዝ ነው። ሆርሞኑ ሲያንስ ትጮኻለች፣ ቁጥሩ ይወጣል። ሲበዛ ዝም ትላለች፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ ኪኒኑን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ከዚያ ሰውነት አዲሱን መጠን እስኪለምደው ሳምንታት ጠብቆ እንደገና ያስመረምራል። ይህን የተረዳሁት ከስልኬ ላይ አንብቤ ነው። ሥራዬ ሶዶ ውስጥ ስልክና ስታቢላይዘር መጠገን ነው። እሱንም ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ፣ አንዳንዴም እያቃጠልኩ ለመድኩት። አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ሳላውቅ ማለፍ አይሆንልኝም። እናቴ ደግሞ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ጨርሶ አያስፈልጋትም፤ መሥራቱ ይበቃታል።

በሃምሳ ማይክሮግራም ጀመረች። ወደ ሰባ አምስት ከፍ አለ፣ ከዚያ ወደ መቶ። በየመሃሉ ባጃጅ፣ ወረፋ፣ መርፌ ነበር። «ደሜን ቀድተው ጨረሱት» ትላለች፤ «ምን እንደሚያደርጉበት እንጃላቸው።» ወረፋ ላይ አጠገቧ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ይህንኑ ትናገራለች። እኔ ከጎኗ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ቁጥሩ እየወረደ ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ሠላሳ ስምንት የነበረው አሥራ ሁለት ሆነ፤ በመጨረሻ ሦስት ነጥብ አንድ። ሦስት ነጥብ አንድ ጥሩ ቁጥር ነው። ለእኔ ትርጉሙ «መቶው ልክ መጣላት» ነው። ለእሷ ትርጉሙ «ዳንኩ» ነው። ሁለታችንም አንዱን ወረቀት ይዘን፣ በአንድ ባጃጅ፣ በየፊናችን ተደስተን ወደ ቤት ገባን።

በቤተ ክርስቲያናችን የድምፅ መሣሪያውን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ብዙ ስለማልናገር ይስማማኛል፤ ሌላው ይናገራል፣ እኔ ድምፁን አስተካክላለሁ። በተከታዩ እሁድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እናቴ እጇን አነሣች። ማይኩን ወስጄ ያቀበልኳት ራሴ ነኝ። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ ከሻንቶ በማለዳ መጥታ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ለምን እንደመጣች የገባኝ ያኔ ነው።

እናቴ በወላይትኛ ተናገረች። «አንገቴን ቀደዱት» አለች። «ኪኒን ሰጡኝ። አልበቃ ብሎ ጨመሩት። አሁንም ጨመሩት። በዚህ ሳምንት ግን መርምረው ምንም የለብሽም አሉኝ። ጌታ ፈወሰኝ።»

ምእመኑ አሜን፣ ሃሌሉያ አለ። አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ለማይኩ ቅርብ ስለነበረች ድምፅ ማጉያው ሲጮኽ ተሯሩጬ ዝቅ አደረግሁት። ከመሣሪያው ኋላ ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ። ምንም የለብሽም ያላት ሰው የለም። «ኖርማል ነው» ነው የተባለችው፤ ኖርማል የሆነውም ኪኒኑን እየዋጠች ነው። ቢሆንም የአነጋገር ጉዳይ መሰለኝ። እናቴ ስትተርክ ታሳምራለች፤ ከገበያ ዶሮ ገዝታ ብትመጣ ዶሮዋን እስክታሳይህ ድረስ መንገዱን ሁሉ ትሄድበታለህ። ምስጋናዋን ላርም አልፈለግሁም። ቤት ስንደርስ ብቻ፣

«እማዬ፣ ኪኒኑ ግን ይቀጥላል አይደል?» አልኳት።

«ምሳህን ብላ» አለችኝ።

ይህን እንደ አዎንታ ወሰድኩት።

ክረምቱ ገባ። የዳሞታ ተራራ ጉም ወደ ከተማው ሲወርድ ሰው ሁሉ ስለሚደርብ፣ እናቴ ከሹራብ በላይ ጃኬት መደረቧ አልገረመኝም። ራት ሳይቀርብ ተቀምጣ ማንቀላፋቷን የድካም አደረግሁት። ድምጿ ሲጎረንን ጉንፋን ነው አለች፤ ተቀበልኳት። ወጥ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ስትጨምር ግን ዝም ብዬ በላሁ፤ በእናቴ ወጥ ላይ አስተያየት መስጠት የትም አያደርስም።

ያነቃኝ ሁምቦ ነው። የዘመድ ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። ክረምት ቢሆንም ያን ዕለት ፀሐዩ ያቃጥል ነበር፤ ለቀስተኛው የዛፍ ጥላ እየተሻማ፣ ወንዶቹ ኮታቸውን አውልቀው ትከሻቸው ላይ ጥለው ነበር። እናቴ ፀሐዩ ላይ ወንበር አስወጥታ፣ ጃኬቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ተቀምጣለች። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ፣

«እህቴ፣ ወባ ይዞሽ ነው?» አለቻት።

«ደህና ነኝ። ነፋሱ ነው» አለች እናቴ።

ነፋስ አልነበረም። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ጠጋ ብዬ ፊቷን አየሁት። ከዓይኖቿ ሥር አብጧል፣ ቆዳዋ ደርቋል፣ የቅንድቧ ጫፍ ሳስቷል። ያነበብኩት ምልክት ሁሉ ፊቷ ላይ ተሰብስቦ ተቀምጧል። እሷ ደግሞ ስለ ሟቹ ደግነት በጎረነነ ድምፅ እየመሰከረች ነው።

ማታ ሶዶ ስንገባ ጠየቅኳት።

«ኪኒንሽ አላለቀም?»

«አለ።»

«እንዴት ይኖራል? እስካሁን ማለቅ ነበረበት እኮ።»

«የመበለቲቱ ዘይትስ መቼ አለቀ?» አለች።

አልሳቅሁም። አለመሳቄን አይታ እውነቱን ነገረችኝ፤ እናቴ በቀጥታ ከጠየቅኋት አትዋሽም። ከምስክርነቱ ማግስት ጀምሮ አንድም አልዋጠችም።

«ለምን?»

«ሕዝብ ፊት ቆሜ ጌታ ፈወሰኝ ብያለሁ። ጠዋት ጠዋት በር ዘግቼ ኪኒን ከዋጥኩ ምን ልባል ነው? ውሸታም ነው የምባለው።»

«ማን ነው አቁሚ ያለሽ? ሽማግሌዎቹ ናቸው?»

«ማንም አላለኝም። ሰው የግድ ሊነግረኝ ይገባል? የተናገርኩትን አላውቅም?»

ይህ ነው ያናደደኝ። የምቆጣው ሰው እንኳ አላገኘሁም። አሳሳች ቢኖር ሄጄ እጣላው ነበር። ሰነፍ ብትሆን፣ ረስታ ብትሆን፣ ኪኒኑ አንገሽግሿት ቢሆን መላ አለው። እሷ ግን ያቆመችው ሐቀኛ ስለሆነች ነው። ሐቀኝነትን በምን ታክመዋለህ?

የማውቀውን አንድ ነገር ሞከርኩ። ከሱቅ ያመጣሁት ስታቢላይዘር ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ሰክቼ አሳየኋት።

«ይኸውልሽ፤ ከግድግዳው የሚመጣው መቶ ሰባ ነው። እዚህ ሲወጣ ሁለት መቶ ሃያ ሆነ። ሁለት መቶ ሃያ ነው፣ ኖርማል ነው ብዬ ስታቢላይዘሩን ልንቀለው? ሁለት መቶ ሃያ ያደረገው እሱ ነው። ከነቀልኩት ፍሪጁ ይበላሻል።»

በጥሞና አዳመጠችኝ። በሕይወቴ ከነገርኳት ነገር ሁሉ እንዲህ በጥሞና ያዳመጠችው የለም። የቮልት መለኪያዋ መርፌ ስትንቀጠቀጥ ጎንበስ ብላ አየቻት።

«ገባኝ» አለች።

«ታዲያስ?»

«እኔ ፍሪጅ አይደለሁማ፣ ታ ናኣው።»

ልጄ ማለቷ ነው። እንዲህ ስትለኝ ክርክሩ አልቋል ማለት ነው።

ምርመራውን ግን እሺ አለች። እንዲያውም ቸኩላ ነበር። ምርመራ ኪኒን መዋጥ አይደለም፤ «ይዩት፣ ምን ያስፈራኛል» አለች። ላቦራቶሪው በር ላይ በሙሉ ልብ ክንዷን ዘረጋች። ውጤቱ ከስልሳ በላይ ነበር።

ያው ሐኪም ነው። ወጣት ነው፣ ከእኔ ብዙ አይበልጥም፤ ከበሩ ውጭ ያለው ሰው ብዛት ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ወረቀቱን አየና ቀና አለ።

«እናቴ፣ መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ ነው?»

«መድኃኒቱ ቤት አለ፣ ዶክተር።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ አለ።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው መቶው አልበቃም» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ተገልብጦ እንዳለ አነበብኩት፤ መቶ ሃምሳ ይላል። ለማትውጠው ኪኒን ሃምሳ ተጨመረላት። አሁን ዝም ብል፣ እንደገና በመጣን ቁጥር ቁጥሩ እንደወጣ ይገኛል፣ ሐኪሙም ይጨምራል፤ አንድ ቀን ደግሞ ሐሳቧን ቀይራ ያን ሁሉ በአንዴ ብትጀምረው ልቧ አይችለውም። እናቴን አየኋት። እሷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል ከላይ ወደ ታች እየተመለከተች ነው። እንደዚያ ተጠንቅቃ እጅ አስተጣጠብ ስታጠና አይቻት አላውቅም።

ቢሮ ውስጥ መናገር አልወድም። ሰው ሲበዛ ድምፄ ይጠፋል።

«ዶክተር፣ አትወስድም» አልኩ። «ካቆመች ቆይታለች።»

ብዕሩን አስቀመጠ።

«እናቴ፣ እኔ እኮ ይህን ቁጥር አምኜ ነው የምጨምረው። ሳይወስዱ ወስጃለሁ ካሉኝ...»

«ወስጃለሁ አላልኩም» አለች። እውነቷን ነው፤ አላለችም።

«ለምን አቆሙ?»

«ኖርማል ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ፣ ልጄ?»

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ መሬት አየሁ። መቶ ሃምሳውን ሰርዞ መቶ ብሎ ጻፈ፤ ከሁለት ወር በኋላ እንድንመለስ ነገረን። «ሳይወስዱ ከቀሩ ልብዎ ይዳከማል፣ ራስዎን እስከ መሳት ያደርሳል። ቀልድ አይደለም» አላት። በሩ ደግሞ ተከፈተ።

ቤት ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ፣

«ሰው ፊት አጋለጥከኝ» አለች።

«ሐኪም ነው እኮ።»

«ሐኪም ሰው አይደለም?»

በነጋታው አልዋጠችም። ከዚያም በኋላ አልዋጠችም። ኪኒኑ ከመጽሐፍ ቅዱሷ አጠገብ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ አቧራውን ትጠርግለታለች።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እናቴ እሳቸው ሲናገሩ ራሷን ቀና አድርጋ ነው የምትሰማው። ቤታቸው ሄጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም።

«እኛ አቁሚ አላልናትም» አሉ ስጨርስ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ቀጥዪ በሏት ነው የምለው።»

«እንዴት ብዬ? ምስክርነትሽ ትክክል አይደለም ልበላት?»

«ትክክል ነው ይበሏት። ኪኒኑን ጨምረው ይንገሯት።»

አገጫቸውን አሻሹ። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉ።

ቅዳሜ መጡ። እናቴ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀረበች፣ የቡና ቅጠልም አፈላች። ሽማግሌው በሉ። ስለ ዝናቡ ተናገሩ። ዲምቱ ስለተመደበችው አስተማሪ ልጃቸው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጎረቤታቸው አጥር ተናገሩ። ዓይኔን ዓይናቸው ላይ ባደረግሁ ቁጥር ዳጣውን ያደንቃሉ። ጎደሬው አለቀ፤ እንደገና ቀረበ። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«የአንቺ ምስክርነት» አሉ «ብዙ ሰው አበርትቷል።»

ተነሥቼ ልወጣ ምንም አልቀረኝም። ለዚህ ነው ወይ የጠራኋቸው? እናቴ አንገቷን ደፍታ «ክብር ለጌታ ይሁን» አለች። የፊቷ እብጠት አንገቷን ስትደፋ ይበልጥ ይታያል።

«በሉ እንጸልይ» አሉ።

እኛ ዘንድ ፊት ለፊት የማይባል ነገር በጸሎት ይባላል። ዓይን ሁሉ ይጨፈናል፤ የሚነገረውም ለእግዚአብሔር እንጂ ለተቀመጠው ሰው አይደለም፤ ስለዚህ ማንም አይቀየምም። አማት ምራቷን፣ ባል ሚስቱን እንዲህ አድርገው ሲወቅሱ ሰምቻለሁ። ሽማግሌው ይህን መንገድ አስበው እንደመጡ ግን አልጠረጠርኩም፤ ሰውየው ፈርተው የተውት ነበር የመሰለኝ።

«ጌታ ሆይ፣ ለዚህች እህታችን ስላደረግህላት ሁሉ እናመሰግንሃለን» አሉ።

«አሜን» አለች እናቴ።

«ሐኪሞቹን የሰጠሃት አንተ ነህ።»

«አሜን።»

«ኪኒኑንም የሰጠሃት አንተ ነህ።»

ዝም አለች።

ሽማግሌው አልቀጠሉም። ቆዩና ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ «ኪኒኑንም» አሉ «የሰጠሃት አንተ ነህ፣ ጌታ ሆይ። ጠዋት ጠዋት እንድትውጠው እርዳት።»

ዓይኔን ገለጥኩ። ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። የሽማግሌውም ዓይን ተገልጦ እናቴን እያየ ነበር፤ ዓይን ለዓይን ስንጋጭ ቶሎ ጨፈኑ። የእናቴ ግን ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ከንፈሯን ገጥማለች፤ ጣቷ የአንገቷን ጠባሳ እየዳበሰ ነው።

አሜን ለእናቴ እንዲሁ ከአፍ የሚወጣ ቃል አይደለም። ሰው ጠላቱ እንዲወድቅለት ሲጸልይ እሷ ዝም ስትል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ የማትፈልገውን ነገር አሜን አትልም። አሜን ካለች ደግሞ ቃል ገባች ማለት ነው፤ ከምስክርነቱ የሚያንስ አይደለም። ይህን ሽማግሌውም ያውቃሉ። እኔ ብቻ ነኝ ያላሰብኩት፤ እኔ ስለ ዕጢና ስለ ቮልቴጅ ሳስብ ነበር። ባጃጅ በውጭ አለፈ። የጎረቤት በግ ጮኸ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ መልስ እስኪመጣለት ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አልቸኮሉም።

«አሜን» አለች በመጨረሻ፤ ከጥርሷ መሃል።

ሸኝተናቸው ስንመለስ በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ ነህ የጠራሃቸው።»

«አዎ።»

«ጸሎቱንም አንተ ነህ የጻፍክላቸው?»

«አይደለም።»

«እውነትህን ነው» አለች። «አንተ ብትጽፈው ማይክሮግራሙንም ትጨምርበት ነበር።»

በማግስቱ ዋጠችው። እኔም ያረፍኩ መስሎኝ ነበር። ግን ስትውጥ ቆሜ አየኋት፤ ባላየሁ ይሻለኝ ነበር። ኪኒኑን ምላሷ ላይ አድርጋ በቡና ቅጠሉ አወራረደችው፤ ጨው፣ ዝንጅብልና ሚጥሚጣ ያለበት፣ ትኩስ። ከላዩ የተቀቀለ ስኳር ድንች አስከተለችበት። ድሮም እንዲህ ነበር የምትወስደው፤ እኔ በማለዳ ወደ ሱቅ ስለምወጣ አላየሁም። ኪኒኑ የሚወሰደው በባዶ ሆድ፣ በንጹሕ ውኃ፣ ምግብና ትኩስ ነገር ሳይቀመስ ነው፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት።

«ባዶ ሆድ ኪኒን ጨጓራ ይልጣል» አለችኝ።

«ይህኛው አይልጥም።»

«ጨጓራው የእኔ ነው።»

ውኃ በብርጭቆ አልጋዋ አጠገብ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓቱ ደግሞ የየጠዋቱ ጠብ ሆነ። ሰዓት አታይም፤ በጸሎቷ ነው የምትለካው። ኪኒኑን ውጣ ትንበረከካለች፣ አሜን ስትል ቁርስ ይቀርባል። ጸሎቷ ብዙውን ጊዜ ረጅም ነው። የምትወደው ነገር እሳት ላይ ሲሆን ግን ያጥራል።

«ዛሬ ቶሎ ጨረስሽ?» እላታለሁ።

«ቶሎ ሰማኝ» ትላለች፣ ድስቱን እየከፈተች።

በየጠዋቱ ሱቅ የምደርሰው ተናድጄ ነበር። ቢሆንም ጃኬቱ ወለቀ። ቀጥሎ ሹራቡ። ድምጿ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የተመለሰበትን ቀን አስታውሳለሁ፣ ጎረቤታችንን በዶሮ ጉዳይ ስትቆጣ ከመንገዱ ማዶ ሰማኋት። ወጡ ጨው በልኩ ሆነ። የእኔን ክፍል ንጽሕና መተቸት ጀመረች። ነገረኛ ስትሆንብኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ደስታው ግን የሚቆየው አፏን እስክትከፍት ነው።

መዋጥ ከጀመረች ሁለት ወር ሲሞላ ሄድን። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና፣

«አሁን ደግሞ በዛ» አለ። ዜሮ ነጥብ ሁለት። «እናቴ፣ ልብዎን ይመታዎታል?»

«ዳገት ስወጣ።»

«በፊት ኪኒኑን ከምን ጋር ነበር የሚወስዱት?»

ነገረችው፤ ዝንጅብሉን እንኳ አላስቀረችም። ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ለዚህ ነዋ። ያኔ የተወሰነው ወደ ደምዎ ሳይገባ ይቀር ነበር። አሁን በባዶ ሆድ ስለሚወስዱት ይገባል። መቶው በዝቶብዎታል።»

እናቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ያበላሸው እሱ ነው ማለት ነው» አለች።

«ኧረ እሱስ ትክክል ነው፤ እኛ ነን አሁን ከዚህ ጋር የምናስተካክለው» አለ ሐኪሙ። «እንቀንሳለን። ቅዳሜና እሁድ ግማሽ ግማሽ ይውሰዱ፤ በሌላው ቀን ሙሉ።»

እንቀንሳለን የምትለዋን ቃል ስሰማ ደነገጥኩ። እናቴን አየኋት። ፊቷ እንደ ምስክርነቱ እሁድ ሊበራ ሲል፣

«በጌታ ቀን ግማሽ?» አለች።

«እንግዲያው ማክሰኞና ዓርብ ያድርጉት፤ ለኪኒኑ ግድ የለውም።»

ደረጃውን ስንወርድ መታገሥ አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ተቀነሰ ማለት...»

«ዝም በል።»

«ይቆማል ማለት አይደለም ነው የምልሽ።»

«ሰምቻለሁ። አንዴ አሜን ብያለሁ፤ ሌላ ሽማግሌ እንዳታመጣብኝ።»

ባጃጅ ውስጥ ከሁለት ሰዎች ጋር ተጣብበን ተቀመጥን። ገና ከመነሣታችን አክስቴ ከሻንቶ ደወለች። አክስቴ በስልክ ስትናገር ስልኩ አያስፈልጋትም፤ ሾፌሩም ጭምር ይሰማታል።

«ምን አሉሽ?»

«ተቀነሰልኝ» አለች እናቴ።

እልልታው ከስልኩ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ዞሮ አየን። ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ሁሉም ነገር እንደገና ሊጀመር ነው አልኩ በልቤ።

«ድነሻል በያ!»

«ድኛለሁ» አለች እናቴ። «ኪኒኑንም እውጣለሁ።»

ስልኩ ዝም አለ። አክስቴን ዝም ስትል ሰምቼ አላውቅም።

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«እንዴት ነው እሱ?»

እናቴ አሰበች። ባጃጁ ዳገቱን እስኪጨርስ አሰበች። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። «እኔስ ገብቶኛል፤ ለእሷ አንተ አስረዳት።»

ተቀበልኩ። «አክስቴ» አልኩ፤ «ከአንጎል ሥር አንዲት ትንሽ ዕጢ አለች...»

«ማን አለች?»

«ዕጢ። ለታይሮይዱ ትእዛዝ ትልካለች። ሆርሞኑ ሲያንስ...»

«ከማን ጋር ነው የምታወራው? አይሰማም!»

«ሆርሞኑ ሲያንስ ቁጥሩ ይወጣል፣ ሲበዛ...»

«ስማ አንተ ልጅ» አለች አክስቴ። «በአጭሩ ንገረኝ። ትውጣለች አትውጥም?»

«ትውጣለች።»

«በል ይበቃል» ብላ ዘጋችው።